የውድነሽ ንፍሮ

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ፍኖተ ሰላም ስልጠና ውላ ስትመለስ ባዶ ወረቀት ይዛ ገባች። የሕይወት ዓላማሽን በአንድ መስመር ጽፈሽ ነይ ተብላ ነው። ስትጽፍ ስትሰርዝ ቆየችና፣ "እማማ፣ እርስዎስ በእኔ ዕድሜ ዓላማ ነበረዎ?" አለችኝ። ንዴቴ መጣ። በእሷ አይደለም፤ በእሷ ዕድሜ በነበረችው በእኔ ነው።

ጊዜው የጣሊያን ነው። ከጅጋ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ዳር እንኖር ነበር። አልቃሽነትን ከእናቴ ወርሼ፣ የሟቹን ጀግንነትና ደግነት በግጥም እየጠራሁ አገር አስለቅስ ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ለሟቹ ማዘኔን እንጃ። ሰው "አቤት ድምጿ" ሲል መስማት ነበር ደስታዬ፤ ለቅሶ መሄድ ለእኔ ሠርግ እንደ መሄድ ነበር።

በኅዳር፣ ጤፉ ሲታጨድ፣ ጎረቤታችን አያ ታከለ ለአርበኞች ስንቅ ሲያደርስ ተይዞ ቡሬ ላይ ተገደለ። ለጣሊያን ያደረው ጭቃ ሹማችንም ለታከለ ያለቀሰ እንደ ታከለ ይሆናል ብሎ አስነገረ። ሚስቱ ውድነሽ ግን እንደ ወጉ ባቄላና ስንዴ ቀቅላ፣ ንፍሮውን በሰፌድ አድርጋ ደጇ ላይ ተቀመጠች። ማንም አልመጣም። ለደመኛው ለቅሶ እንኳ የሚደርስ አገር፣ አጨዳ አለብን እያለ አንገቱን ደፍቶ አለፋት። እኔም አለፍሁ። በሦስተኛው ቀን የኮመጠጠውን ንፍሮ ለዶሮ ስትደፋው ደረስሁ። ቀና ብላ አየችኝና፣ "ብትመጡ ለእኔ እኮ አይደለም፣ ለእሱ ነበር" አለችኝ።

አርባው ሳይወጣ የጭቃ ሹሙ እናት ሞቱ። ዕድሜ የጠገቡ አሮጊት ነበሩ። ሙሾ እንዳወርድ ተጠርቼ ስሄድ ዳሱ ጢም ብሏል። አጨዳው የት ሄደ? የውድነሽን ደጅ የፈሩት ሁሉ ደረታቸውን ሲመቱ ሳይ ደሜ ፈላ፤ ያንኑ ደጅ ያለፍሁት እኔም ላስለቅሳቸው መካከላቸው ቆሜያለሁ።

በእኛ አገር ሙሾ የጀመረች አልቃሽ አትቋረጥም፤ ለሟቹ ነውር ነው። ይህን አውቄ ብድግ አልሁ፦

ለአሮጊቷ ለቅሶ ይህ ሁሉ ሰው መጣ፣
ታከለ ሲቀበር ማን ከቤቱ ወጣ?

ደረት የሚመታው እጅ ሁሉ ቆመ። ጭቃ ሹሙ በእናቱ ለቅሶ ላይ አፌን ሊይዝ አልቻለም፤ መሬት መሬቱን ያያል። ከዚያ አንዲት ሴት "ወይ ታከለ" ብላ ጮኸች፤ ሌላዋም ተከተለች። ከቀብር መልስ ሰዉ ወደየቤቱ አልገባም፤ ሄዶ ውድነሽ ደጅ ተቀመጠ። ወጥታ አየችን። "ዘገያችሁ" ብቻ ብላ፣ ባቄላ ልትቀቅል ተመልሳ ገባች።

በማግስቱ ቡሬ ወስደው ገረፉኝ። ጠባሳው ጀርባዬ ላይ አለ፤ እሱ አይቆጨኝም። ዛሬም የሚያንገበግበኝ ንፍሮው እስኪኮመጥጥ ዝም ያልሁት ነው። ከዚያ ወዲህ ለጭብጨባ አላለቀስሁም። አልቃሽ የሌለው ሰው ሞተ ሲባል ግን፣ ባላውቀውም እሄዳለሁ።

ይህን ለልጅ ልጄ ነገርኋት። "ታዲያ ምን ልጻፍ?" አለችኝ።

"ወረቀቱን ተይው። ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ የሚያልፈው የማንን ደጅ ነው? እሱን አስቢ።"

ጥቂት አሰበችና የአንዲት ጎረቤታችንን ስም ጠራች። እኔም ትናንት በዚያው ደጅ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ አንገቴን ደፍቼ ማለፌ ትዝ አለኝ።

ምርኩዜን አቀብዪኝ አልኋት።