በቁሜ የደረስኩበት ተዝካር

እናቴ ሙሾ አውራጅ ነበረች። በሰቆጣና በዙሪያዋ፣ እስከ አምደወርቅ ድረስ፣ ትልቅ ሰው ሲሞት በቅሎ ተልኮላት የምትጠራው እሷ ነበረች። ብዙ ሰው ሙሾ ሲባል ግጥሙ ብቻ ይመስለዋል። የእናቴ ሙያ ግን ሟቹን መልሶ ማምጣቱ ላይ ነበር። የሟቹን ጋቢ ትከሻዋ ላይ ጣል ታደርግና እንዴት ይራመድ እንደነበር፣ ሲቆጣ እንዴት ጉሮሮውን ይጠራርግ እንደነበር፣ ከእርሻ ሲመለስ በሩ ላይ እንዴት ይንጠራራ እንደነበር ታሳያለች። ለቀስተኛው ፈገግ ሊል ይቃጣዋል። ያን ጊዜ ጋቢውን ከትከሻዋ አውርዳ ባዶውን ትዘረጋዋለች፤ ሜዳው በአንድ ጊዜ በጩኸት ይሞላል።

እኔ ቀሚሷን ይዤ እከተላት ነበር። ለቅሶ ከመቆሟ በፊት ሟቹ ቤት ጓዳ ገብታ ሴቶቹን ትጠይቃለች። "ጠላ ሲቀርብለት መጀመሪያ ምን ይል ነበር? ሲተኛ በየትኛው ጎኑ ነው?" ትላለች። ጠይቃ ስትጨርስ ሰውየውን አብራው ያደገች ያህል ታውቀዋለች። እኔም ቤት ስመለስ ያየሁትን ሁሉ እደግመዋለሁ። ጥፋቴ የሞቱትን ብቻ ሳይሆን ያሉትንም መድገሜ ነው። የጎረቤታችንን ንፍገት፣ የቄሰ ገበዙን ሳል፣ የአክስቴን አኩራፊነት አንድ በአንድ እያወጣሁ ልጆቹን በሳቅ እገድላቸው ነበር። አንድ ቀን እናቴ ደረሰችብኝና በአርጩሜ ገረፈችኝ።

"ሰውን ማስመሰል የሚፈቀደው ከሞተ በኋላ ነው" አለችኝ። "በቁሙ ካስመሰልሽው ማላገጥ ነው።"

"ከሞተ በኋላማ እሱ ራሱ አያየውም፤ ምን ዋጋ አለው?" አልኳት። ለዚህም ሌላ አርጩሜ ቀመስኩ።

ግትር ነኝ። ግትርነቱን ከየት እንዳመጣሁት ደግሞ እናቴን ያየ ሁሉ ያውቃል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላኝ አንዲት ዘመዳችን አዲስ አበባ ልትሄድ ስትነሣ አብሬ ሄድኩ። መጀመሪያ አንድ ቲያትር ቤት ውስጥ የተዋናዮቹን ልብስ አጣቢ ሆንኩ። አንድ ቀን አንዲት ተዋናይ ታማ ስትቀር "ቃሏን በሙሉ አውቀዋለሁ" ብዬ ዓይኔን በጨው አጥቤ መድረክ ላይ ወጣሁ። በእርግጥም አውቀው ነበር፤ ቃሏን ብቻ ሳይሆን አፍንጫዋን የምትነካበትን ቦታ ጭምር። ቴሌቪዥን አገራችን ሲገባ ደግሞ በየሳምንቱ ለሚቀርብ አንድ አጭር አስቂኝ ድራማ ተመረጥኩ። ነገረኛ ጎረቤት ሆኜ ነበር የምጫወተው። አዘጋጁ ቁጡ ሰው ነበር። ቤታችን የምናወራው የዋግን ቋንቋ፣ ኽምጣናን ስለሆነ አማርኛዬ ላይ የአገሬ ቅላጼ ይሰማ ነበርና "ምላስሽን አስተካክዪ" እያለ ወር ሙሉ ነዘነዘኝ። አስተካከልኩ። ከዚያ ተመልካቹ የወደደው የቀድሞውን ነው ሲባል "መልሺው" አለኝ። መለስኩት፤ ይህን ሁሉ ስሠራ ግን ጥርሴን ነክሼ ነው።

በዚያን ጊዜ ድራማ ቀድሞ ተቀርጾ አይቀመጥም። ቀዩ መብራት ሲበራ የምትሠራው በዚያው ቅጽበት ለሰው ይታያል፤ መብራቱ ሲጠፋ ሥራሽም አብሮ ይጠፋል። ከተማው ያውቀኛል፤ ታክሲ ውስጥ "ነገረኛዋ!" እያሉ ይስቁልኛል። ሰቆጣ ግን ቴሌቪዥን አልደረሰም ነበርና እናቴ ጋ የሚደርሰው ወሬ ብቻ ነው። ወሬው ደግሞ "ልጅሽ ሰው ፊት እየቆመች በሰው ታላግጣለች" የሚል ነበር። ስምንት ዓመት ደብዳቤ ጻፍኩላት። የንስሐ አባታችን ያነቡላታል፤ ሰምታ ስታበቃ አጣጥፋ ታስቀምጠዋለች፤ መልስ የለም። ለመጨረሻው ብቻ "ልጅ የለኝም በሉልኝ" ብላ በሰው ላከችብኝ። በዚህ ምክንያት ሥራዬን ልተው አንድም ቀን አላሰብኩም። ግን እናቴ ሥራዬን አንዴ፣ አንዴ ብቻ፣ አይታ ትፍረድብኝ እል ነበር። ሳታይ መፍረዷ ያንገበግበኝ ነበር።

አንድ ሳምንት የተሰጠን ድራማ ነገረኛዋ ጎረቤት የሞተች መስላ የምትተኛበት ነበር። ስሞት ማን እንደሚያለቅስልኝ ልይ ብላ ነው። ዕድርተኛው ተሰብስቦ ሲያለቅስላት ለቅሶው ዳር ዳር የሚል፣ ቅጥ የሌለው ይሆንባታል፤ ትታገሣለች፤ በመጨረሻ አልችል ስትል ከነመገነዣዋ ቁጭ ብላ "ተዉት በቃ፣ እኔው ላልቅስ!" ትላለች። ከዚያ ተነሥታ ራሷን በወጉ ታለቅሳለች። መነሣቱንና ማልቀሱን የጨመርኩት እኔ ነኝ፤ ማን እንዳስተማረኝ ለአዘጋጁ አልነገርኩትም። የዚያን ዕለት ካሜራ የያዙት ሰዎች እንኳ በሳቅ ፈረሱ።

ድራማው ካለፈ ወር ከጥቂት ቀን ሲሆነው፣ ቅዳሜ ጠዋት ጸጉሬን እየታጠብኩ በሩ ተንኳኳ። ያኔ አዲስ አበባ ይዛኝ መጥታ ወደ ሰቆጣ የተመለሰችው ዘመዳችን ጥቁር ለብሳ ቆማለች። እኔን ስታይ ግድግዳውን ይዛ ቁጢጥ አለች። የመጣችው አከራዬን የት እንደተቀበርኩ ልትጠይቅ ነበር።

ነገሩን ውሃ አጠጥቼ ቀስ በቀስ አወጣጣኋት። የሰቆጣ አንድ የማር ነጋዴ፣ ከሕፃንነቴ የሚያውቁኝ ሽማግሌ፣ አዲስ አበባ መጥተው አንድ ሆቴል ውስጥ ቴሌቪዥን ያያሉ። መጀመሪያ ዜና ነበር፤ የእውነት ሰዎች የእውነት ነገር ሲያወሩ አዩ። ወዲያው ተከትሎ እኔ ተገንዤ፣ ሰው እያለቀሰልኝ ታየኋቸው። ይህም ዜና ነው ብለው አሰቡ። አማትበው ወጡ። ሦስት ደቂቃ ቢታገሡ ኖሮ ተነሥቼ ያዩኝ ነበር። ሰቆጣ ሲደርሱ ሽማግሌ ሰብስበው ገና ጎሕ ሳይቀድ እናቴን አረዷት።

"አርባሽ ሊደርስ ነው" አለችኝ ዘመዳችን እንባዋን እየጠረገች። "የተዝካሩ ጠላ ተጠንስሷል።"

ሰው ልላክ፣ ደብዳቤ ልጻፍ የሚለው ሐሳብ አልመጣልኝም። በስምንት ዓመት ውስጥ መልስ ያላስገኘልኝን ደብዳቤ አሁን ምን ልሁን ብዬ እጽፈዋለሁ? አዘጋጁ "ከሄድሽ ቦታውን ለሌላ እሰጣለሁ" አለኝ። "ስጠው" አልኩት። በማግስቱ እስከ ኮረም በመኪና ሄድኩ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ከነጋዴዎች ጋር በበቅሎ። ወገቤ ተቆረጠ። ሰው ባየኝ ቁጥር ስሜን እንዳይጠይቀኝ ፊቴን በነጠላ ሸፍኜ ነበር የምጓዘው።

ሰቆጣ የደረስኩት በተዝካሩ ዕለት ረፋዱ ላይ ነው። ግቢያችን ሰው ሞልቶታል፤ ዳስ ተጥሏል፤ ካህናቱ ተቀምጠዋል። አጥር ጥግ ላይ፣ ባልመጣው አስከሬኔ ምትክ፣ የልጅነት ቀሚሴ ከእንጨት ላይ ተሰቅሏል። ነጠላዬን ገለጥ አደረግኩ። የነበረው ትርምስ አይነገርም። ሴቶች ሸሹ፤ አንዱ ከነጽዋው ወደቀ፤ የንስሐ አባታችን ጸበል ይዘው መጥተው አንድ ቅል ሙሉ አናቴ ላይ ደፉብኝ።

"አባ፣ ይቅርብኝ፣ ብርድ ነው" አልኳቸው። "አልሞትኩም።"

"ሞተሻል" የሚል ድምፅ ከዳሱ መጣ። የማር ነጋዴው ናቸው። "በዓይኔ ነው ያየሁሽ፣ ተገንዘሽ!"

"አያ፣ ጨዋታ ነበር። እርስዎ ከወጡ በኋላ ተነሥቻለሁ።"

"እንግዲያ ለምን ቶሎ አልተነሣሽም?" አሉ ተቆጥተው።

እናቴ ከጓዳ ወጣች። ጸጉሯን ተላጭታለች፤ ፊቷ ተልጦ ጠባሳ አውጥቷል። እኔ ያደረግኩት ነው። አልጮኸችም፤ አላቀፈችኝም። ከእግሬ ጀምራ ወደ ላይ አየችኝ።

"አልቅሼ ጨርሻለሁ" አለች። "አሁን ምን ላድርግሽ?"

የመለሱላት አባ ናቸው። ጠላው እንደማይደፋ፣ ለተዝካር የተሰናዳው ለምስጋና እንደሚሆን፣ ፍታቱም ከንቱ እንደማይቀርና ቀኔ እስኪደርስ እንደሚጠብቀኝ ተናገሩ። ሰዉ ተረጋግቶ ተቀመጠ። እናቴ ጀርባዋን ሰጥታኝ እንጀራ ማቅረቧን ቀጠለች።

አክስቴ ናት ጎትታ ጥግ ያስቀመጠችኝ። "እንዳለቀሰችልሽ ብታይ!" አለችኝ። እናቴ መርዶዬን በሰማች በሦስተኛው ቀን ነጋዴውን ጠርታ አስቀምጣቸው ነበር፤ ልክ የሟች ቤት ሴቶችን እንደምታስቀምጥ። ስምንት ዓመት አላየችኝምና የአሁኑን አረማመዴን አታውቀውም። "ከሞተችበት ቀን በፊት በዚያ ሣጥን ውስጥ ያዩዋት ሰዎች ምን ይላሉ? እጇን እንዴት ታደርግ ነበር? ምን ብላ ነበር የምታስቃቸው?" ብላ ጠየቀች። ሽማግሌው ከሆቴሉ ሰዎች የሰሙትን ሁሉ ነገሯት። በማግስቱ ለቅሶው ሜዳ ላይ የልጅነት ቀሚሴን ትከሻዋ ላይ ጥላ እኔን ሆነች፤ ነገረኛዋን ጎረቤት ስሆን እንዴት እንደምሆን አሳየች። "ሰው በሳቅ ሊሞት ነበር" አለች አክስቴ። "ከዚያ ቀሚሱን አወረደችውና ባዶውን ዘረጋችው።"

ላላግጥ የሄድኩ የመሰላት እናቴ ሥራዬን ሠርታልኛለች፤ ያውም አይታው ሳታውቅ። ከዚህ በኋላ ሳታየኝ ብሄድ ራሴን ይቅር እንደማልል አወቅኩ። ተነሥቼ ዳሱ መሃል ቆምኩ።

"እማዬ፣ ማስመሰል የሚፈቀደው ከሞተ በኋላ ነው ብለሽኛል" አልኳት ሰው ሁሉ እየሰማ። "እኔ አርባዬ ወጥቷል። እንግዲህ ራሴን አስመስላለሁ፤ ተቀመጪና እዪኝ።"

ሰዉ አጉረመረመ። ያልሞተች ሴት እንደገና ልትገነዝ ነው፣ ሟርት ነው ተባለ። እናቴ መሶቡን አስቀመጠች። መደቡ ላይ ተቀመጠች።

አልጋ ላይ ነጠላ ለብሼ ተጋደምኩ። ክፉኛ የሚያለቅስልኝ ሰው ያስፈልገኝ ነበር፤ ሴቶቹን ብጠይቅ ዋግ ላይ ሆኖ ክፉ ለቅሶ የሚችል አልተገኘም። "አያ፣ እርስዎ ያመጡት ጣጣ ነው፤ ያልቅሱልኝ" አልኩ። ነጋዴው አፍረው ተነሡ፤ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው "ወይ ልጅቷ! ወይ ልጅቷ! ደህና ልጅ ነበረች ይሉሻል!" አሉ። እንዲህ ያለ አስቀያሚ ለቅሶ ቴሌቪዥን ላይም አላገኘሁም። ቁጭ ብዬ "ተዉት በቃ፣ እኔው ላልቅስ!" አልኩ። ያልኩት በኽምጣና ነው፤ በአማርኛ ከተናገርኩት ይልቅ በራሴ አፍ ጣፈጠኝ። ተነሥቼ ራሴን አለቀስኩ፤ ንፍገቴን፣ ምላሴን፣ እናቴን ጥሎ የሄደ እግሬን ሳይቀር። ዳሱ በሳቅ ተናወጠ። አባ መስቀላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ይንፈቀፈቁ ነበር።

እናቴ አልሳቀችም። ዓይኗ ከእግሬ አልተነቀለም። ስጨርስ ሰዉ ሁሉ ወደ እሷ ዞረ።

"ቶሎ ተነሣሽ" አለች።

"ምን?"

"ሰዉ ሞተሻል ብሎ ሆዱ ሳይባባ ተነሣሽ። ሳያዝን የሳቀ ሰው ደጅ ሲወጣ ይረሳሻል።" ከመደቡ ተነሥታ ወደ እኔ መጣች። ለነጋዴው "አንተ ተቀመጥ፣ ለቅሶ አታውቅም" አለቻቸው። ከዚያ ነጠላውን ከእጄ ወስዳ አራገፈችው።

"ተኚ" አለችኝ። "የማለቅሰው እኔ ነኝ። ትከሻሽን እስክነካው ድረስ እንዳትነሺ።"

ተኛሁ። ነጠላውን ፊቴ ላይ በገዛ እጇ ሳበችው፤ ጫፉን ከአገጬ ስር ወሸቀችው። ከዚያ ድምፅዋ ከላዬ ተነሣ። ዕንባዬ በጆሮዬ በኩል ይወርድ ጀመር፤ ሞቻለሁና አልጠረግኩትም።