በሙሽራው ጫማ ላይ የነበረው ጭቃ

ባሌ ከንቲባ ከመሆኑ በፊት በከተማችን የማይገባበት ጓዳ አልነበረም። እንዳትጠረጥሩት፤ የቧንቧ ሠራተኛ ነበር። በአሥራ ሰባት ዓመቱ ውኃ ክፍል ተቀጠረ፣ ቀስ በቀስ መፍቻ ጨበጠ፣ ቆይቶ ፎርማን ሆነ። የየትኛው ሀብታም ሽንት ቤት እንደሚያፈስ፣ የማን ማጠቢያ በምን እንደተደፈነ ያውቃል፤ ግን ያየውን በሆዱ ይይዛል። ሰው ያመነው በዚህ ይመስለኛል። ለምክር ቤት ሲወዳደር አንድ ፖስተር አልለጠፈም። በሃምሳ ዓመቱ ከንቲባ ሲሆን መጀመሪያ ቢሮው ያስገባው ዕቃ ያንኑ አሮጌ መፍቻውን ነው፤ መሳቢያ ውስጥ ከማኅተሙ ጎን አስተኛው።

እናቴ የምትኖረው ኮረብታው ላይ ነው፤ እኔም ያደግሁት እዚያው ነው። ልጅ ሳለሁ የግቢያችን ቧንቧ እንደልብ ይፈስ ነበር። ካገባሁ በኋላ ግን ደረቀ። «ከተማው ሰፋ፣ ውኃው ዳገት መውጣት አቃተው» ተባለ፤ እኛም አመንን። ባሌም ቢሆን ከዚያ ወዲህ የሚሠራው ታችኛው ከተማ ስለነበር አመነ። እናቴ ሃያ አራት ዓመት ጄሪካን ተሸክማ ዳገቱን ወጣች። ባሌ የተሾመ ዕለት አዳራሹ ጢም ብሎ ሲሞላ እሷ ቀረች። «አማቼ ከንቲባ መሆኑን የማምነው ቧንቧዬ ሲነግረኝ ነው» ብላ ላከችብን።

ነገሩ ከነከነው። በዚያው አዳራሽ ተነሥቶ፣ «በዓመት ውስጥ ኮረብታው ውኃ ካላገኘ ወንበሩን ለቅቄ ወደ መፍቻዬ እመለሳለሁ» አለ። በዚያች ሰዓት ምላሱን ብቆርጠው ደስ ባለኝ።

አሥራ አንድ ወር እንደ ዋዛ አለቀ። ኢንጂነሩ አዲስ ፓምፕ ካልተገዛ ውኃው ፍንክች አይልም አለ፤ በጀቱ ደግሞ ለፓምፕ አይበቃም። አንድ ቅዳሜ ባሌ የድሮውን የቧንቧ ካርታ ቤት አምጥቶ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ሳህን ሳነሣ ዓይኔ አንድ መስመር ላይ አረፈ።

«ይሄ ዳቦ ቤቱ ጋ አይደለም?»

«ነው። ምነው?»

«የሠርጋችን መኪና የዞረበት ጉድጓድ ነዋ። ጫማህን በጭቃ ለውሰህ የመጣህበት።»

ያ ጫማ የቤተሰባችን መሳቂያ ነው። የሠርጋችን ዕለት ጠዋት ትልቁ ቧንቧ ፈንድቶ ተጠራ፤ ከሥራው በቀጥታ ሙሉ ልብሱን ለብሶ መጣ። ፎቶው ላይ ሁሉም ነገር ያበራል፤ የግራ ጫማው ብቻ ጭቃ ነው። እናቴ ባየችው ቁጥር ሆዷን ይዛ ትስቃለች።

እሱ ግን አልሳቀም። ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«የኮረብታውን መስመር የዘጋሁት እኔ ነኝ» አለ። «ለጥገናው። ጓደኛዬን 'ስትጨርሱ ክፈተው' ብዬው ወደ ሠርጌ ሮጥኩ። ስመለስ ቦታው አስፋልት ለብሷል፣ ጓደኛዬም ሌላ ከተማ ተዛውሯል። ከፍቶታል ብዬ ነበር።»

ደንግጬ ሳህኑን መልሼ አስቀመጥኩት። ከዚያ የሚስት ምክር መከርኩት።

«ዝም ብለህ አስቆፍር። የተረሳ መዝጊያ ተገኘ በል። ማን ያውቃል?»

«እኔ አውቃለሁ» አለ።

ሁለት ቀን አኮረፍኩት። ወንበሩ ይቅር፣ እናቴን በየትኛው ዓይኔ ነው የማያት?

ሐሙስ ጠዋት አስፋልቱ ሲሰበር ኮረብታው ነቅሎ ወረደ። ባሌ ኮቱን ለእኔ ሰጥቶ፣ ሱሪውን ሰብስቦ ጉድጓዱ ውስጥ ገባ። ከአንገቱ በላይ ብቻ ነው የሚታየው።

«ይህን የዘጋሁት እኔ ነኝ፤ በሠርጌ ቀን» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ሃያ አራት ዓመት ያስጠማኋችሁ እኔ ነኝ። ከወንበሩ ውረድ ካላችሁኝ እወርዳለሁ።»

ከኋላ ዳቦ ጋጋሪው፣ «ከዚህ በላይ ወዴት ይወርዳል?» ሲል አንዳንዱ ሳቀ። እኔ ግን ኮቱን እንደታቀፍኩ ቀረሁ።

መዝጊያው ዝጎ አልዞር አለ። ሁለት ሠራተኞች ገብተው አገዙትና ድንገት ተንቀሳቀሰ፤ ውኃው ከእግራችን ሥር እያጉረመረመ ሲያልፍ ሰማነው። ሕዝቡ ዳገቱን በሩጫ ተያያዘው። እናቴ ግቢ ስንደርስ ቧንቧው ሳለ፣ ዝገት ተፋ፣ ከዚያ ኩልል ያለ ውኃ አወረደ። እናቴ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ ታየዋለች። ወሬው ቀድሞን ደርሷል።

«እማማ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ ባሌ ፊቷ ቆሞ።

እሷ ያየችው ጭቃ የለበሰ ጫማውን ነው።

«የሠርጉ ለት ጭቃ ይሄ ነው?»

«አዎ፣ እማማ።»

«ሃያ አራት ዓመት በጫማህ ስስቅ፣ ለካ በራሴ ኖሯል የምስቀው።» በርጩማዋን ተደግፋ ተነሣች። እጇን ዘረጋች። «በል አውልቀህ አምጣው። አሁን ውኃ አለ።»

እምቢ ቢላት አልሰማችውም። ቧንቧው ሥር ጎንበስ ብላ የግራ ጫማውን በእጇ አጠበችው። ግቢው በእልልታ ተናወጠ፤ ውረድ ያለው ሰው አልነበረም። ከንቲባው አንድ እግሩን አንጠልጥሎ፣ እንባው እየወረደ፣ ጫማው እስኪታጠብ ቆሞ ጠበቀ። ያን ቀን የኮራሁበትን ያህል በሠርጌ ቀን እንኳ አልኮራሁበትም።