እንደ ክታብ ያሰፋሁት የሐኪም ወረቀት

አባቴ ለሰላምታ እጁን አይሰጥም ነበር፤ ክንዱን ነው የሚሰጠው። እጁ የቆሸሸ ሰው ክንዱን እንደሚዘረጋው ማለቴ ነው። አገራችን ደዶ ላይ ሁሉም ያውቅለታል፣ እንግዳ ግን ከማዕድ የተነሣ ይመስለዋል። የቀለበት ጣቱና ትንሿ ጣቱ ወደ መዳፉ ታጥፈው ቀርተው ነው። ሲሰግድ ግራ መዳፉ መሬት ላይ ይነጠፋል፣ ቀኙ ግን እንደተጨበጠ ነው። ልጅ ሆኜ ላቃናለት እታገል ነበር። "ዲሲ" ይለኛል በኦሮምኛ፣ "ተይው ልጄ፣ ከውስጥ ገመድ ይዞታል።"

ስለዚህ የኔ መዳፍ ላይ እብጠቷ ስትወጣ ማንም አልነገረኝም፣ ራሴ አወቅኳት። ጊዜው የደርግ ነው። እኔ ጅማ፣ ቡና መጋዘን ውስጥ ለቃሚ ነኝ። ጥቁሩን ፍሬ፣ ነቀዝ የበሳውን፣ የተሰበረውን ከደህናው መለየት ነው ሥራችን። ባሌ ሞቶ ሁለት ልጅ በዚያ እጅ ነው የማሳድገው፤ አንደኛዋ እናትሽ ናት። ከቀኝ እጄ የቀለበት ጣት ሥር አተር የምታህል ጠጣር ነገር ወጣች። አታምም። ቆየት ብላ ቆዳውን ወደ ውስጥ ሳበችው። ከዚያ ገመዱ ጀመረ፣ በጣቴ ስዳስሰው ይታወቀኛል።

ሆስፒታል ሄድኩ። ሐኪሙ ጀርመን ነው፣ የምሥራቁ ጀርመን። እጄን ጠረጴዛ ላይ አስነጠፈኝና በመዳፌ ሥር ወረቀት ሊያሳልፍ ሞከረ፤ አላለፈም። ጣትሽ ገና አልታጠፈም አለ። ይህ ነገር በጨረር ይቆማል፣ ጣትሽ ከታጠፈ በኋላ ግን ጨረርም አያቃናውም አለኝ፣ በነርሷ አፍ። ጨረሩ የት ነው ያለው ብዬ ጠየቅሁ። እዚህ አገር የለም፣ እኔ አገር ነው አለ። ነርሷ ይህን የነገረችኝ አዝና ነው። እኔ ግን ደስ አለኝ። አባቴ እኮ መድኃኒት እንዳለው እንኳ ሳያውቅ ነው የሞተው። ሐኪሙ፣ ማን ያውቃል ብሎ ይሁን ልቤን አይቶ፣ በራሱ ቋንቋ ወረቀት ጻፈልኝ።

ወረቀቱን የት ላኑረው? ቤቴ ያፈሳል። መቀነቴ ውስጥ ባደርገው ላብ ይበላዋል። ሄርማታ ገበያ ቆዳ ሰፊው ጋ ወስጄ እንደ ክታብ አሰፋሁትና አንገቴ ላይ አሰርኩት።

ብዙም ሳይቆይ መጋዘኑ ኮከብ ሠራተኛ ሊመርጥ ነው ተባለ። ከለቃሚዎች የበለጠችው ከሌላ መሥሪያ ቤት ኮከቦች ጋር ጀርመን ትሄዳለች፣ ቡናችን የሚላክበት አገር ማለት ነው፣ ጎብኝታ ትመለሳለች አሉ። ሌሎቹ ስለ አውሮፕላኑ ሲያወሩ እኔ መዳፌን አየሁ። እጄን ለማዳን በዚሁ እጅ ሁሉንም መብለጥ አለብኝ። ደግሞ ማንም ማወቅ የለበትም፤ እጇ የታመመ ለቃሚ መጋዘን አትውልም።

የማትቻለው ከአጋሮ የመጣችው ነበረች። አጋሮዋ ነው የምንላት። ጣቷ እንደ ዶሮ አፍ ነው። "ዛሬም ጥቁሩን ለኔ እየተውሽ ነው?" ትለኛለች፣ ከወንፊቴ ውስጥ አንድ ፍሬ አንስታ እያሳየችኝ። እኔ ደግሞ ግራ እጄን ማስለመድ ጀመርኩ። መጀመሪያ እንደ ሕፃን ያደናግረኝ ነበር። ክረምቱ ሲወጣ ግን በሁለት እጄ እለቅማለሁ፣ ግራዬ ጥቁሩን፣ ቀኜ የተሰበረውን። ውጤቱ ሲነገር በጥቂት በለጥኳት።

ከዚያ ወሬ ተነሣ። በክታብ ነው ያሸነፈችው ተባለ። የሠራተኛ ማኅበራችን ሊቀመንበር ስብሰባ ጠርቶ በሁሉም ፊት አቆመኝ።

"ጓዲት፣ ኮከብ ሠራተኛ በአጉል እምነት አትሠራም። ፍቺው።"

ብፈታው ሕመሜ ይታወቃል። ባልፈታው አልሄድም። እዚያ ቆሜ የአባቴ ክንድ ነው የመጣብኝ፣ ለእንግዳ ሲዘረጋው። ምላጭ ስጡኝ አልኩና ቆዳውን ራሴ ተረተርኩት። ሊቀመንበሩ ወረቀቱን ገለባበጠው፣ አልገባውም። ጀርመን ተምሮ የመጣው የቡና ቀማሻችን ተጠራ። መጀመሪያ ለራሱ አነበበው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገራቸው፤ የዚህች ሴት እጅ እየተዘጋ ነው፣ ጣቷ ሳይታጠፍ ጨረር የሚሰጣት ካለ ይርዳት ነው የሚለው አላቸው።

ሊቀመንበሩ የታመመ ሰው አይላክም አለ። ተከታይዋ ትሂድ አለ።

ተከታይዋ አጋሮዋ ናት። ተነሥታ መጣችና መዳፌን ይዛ እብጠቷን በአውራ ጣቷ ጫን አደረገቻት።

"በዚህ እጅ ነው ያሸነፈችኝ?" አለች። "ታዲያ እኔ ሄጄ ምን ላደርግ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር? ድልድይ ልቆጥር? እሷ ትሂድ።" ወደኔ ዞራ ደግሞ "አንቺ፣ አድነሽው ተመለሽ። ገና እገጥምሻለሁ" አለችኝ።

ድምፅ ይሰጥ ተባለ። የለቃሚ እጅ ሁሉ ወጣ። ሊቀመንበሩ አየ፣ አየና የራሱንም አወጣ።

ጀርመን ስንደርስ አስጎብኚዋ ፕሮግራም አላት፤ ፋብሪካ፣ ሙዚየም፣ ድልድይም ነበረበት። ወረቀቴን ጠረጴዛዋ ላይ ዘረጋሁ። "ከተማውን ለነሱ አሳዪ፣ እኔ እጄን ነው ያመጣሁት" አልኳት፣ አስተርጓሚው እየሳቀ ነገራት። በማግስቱ ሆስፒታል ወሰዱኝ።

መዳፌ ላይ እብጠቷን በቀለም ከበቧት፣ ሂና መስሎኝ ሳቅሁ። የተበሳ የእርሳስ ብረት ሰሌዳ ከላይ ጫኑበት፣ ቀዳዳው ልክ እብጠቷ ላይ። ሁሉም ወጥተው በሩን ዘጉ። ማሽኑ እንደ ሩቅ ወፍጮ ያጉረመርማል እንጂ አያቃጥል፣ አይወጋ። ቢስሚላህ ብዬ እጄን አላነቃንቅም። ጓደኞቼ ሲጎበኙ እኔ በየማለዳው እዚያ ነኝ። ስንመለስ መዳፌ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ደርቆ ነበር። እብጠቷ ላትጠፋ ትችላለች፣ ባለችበት ትቆማለች ነው ያሉኝ።

ቆመች። ዓመት ጠበቅሁ፣ ሁለት ዓመት ጠበቅሁ፣ በየጁምዓው ጠረጴዛ ላይ እያነጠፍኩ እለካታለሁ። ጣቴ አልታጠፈም፣ አልሐምዱሊላህ። አጋሮዋ በሚቀጥለው ውድድር አሸነፈችኝ። ወላሂ ተናደድኩ። በጤናማ እጄ ተሸንፌ መናደዴ ደግሞ መልሶ አሳቀኝ።

ይኸው እያት፣ አሁንም አተሯ አለች። እጄ ሊጥ ወይም ጭቃ ካልነካ በቀር እስከ ዛሬ ለሰው ክንዴን ሰጥቼ አላውቅም።