የለመንኩበት ሳሎን

አገር ቤት መንግሥት ተለወጠ ተብሎ የካርቱም ስደተኛ ሻንጣውን ሲያስር እኔ ሥራ ጀመርኩ። የከባድ መኪና መለዋወጫ ሱቅ ነበር። በመጀመሪያው ቀን አንድ ሹፌር እየሮጠ ገብቶ «ቢልያ!» አለኝ። ኩሽኔታ ማለቱ ነበር። እኔ ቃሉን ስለማላውቀው የፍሬን ሸራ አውጥቼ ሰጠሁት። ሹፌሩ አገላብጦ አየውና ባለሱቁን «ይሄን ሰው ከየት አመጣኸው?» አለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በገበያው ውስጥ ስሜ ግርማ ቢልያ ሆነ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ የራሴን ሱቅ ከፈትኩ። ዕቃ ለማስመጣት ፖርት ሱዳን እመላለስ ነበር። እዚያ ስደርስ ካርቱም ይናፍቀኛል፤ ካርቱም ስመለስ ደግሞ መንገዱ። ባለቤቴ «አንተ የተቀመጥክበት ወንበር ሁሉ እሾህ ያበቅላል» ትለኝ ነበር።

ገዢው ፓርቲ ከአገር ቤት የላከው ሰው ያገኘኝ በዚያ ሰሞን ነው። ምርጫ ደርሶ ከነጋዴው ገንዘብ የሚያሰባስብ ሰው ይፈለግ ነበር። «ንግግር የሚያውቅ ሞልቶናል፤ ያጣነው ነጋዴ የሚያውቅ ነው» አለኝ። በዓላማው አምን ነበር። ግን እውነቱን ለመናገር የማረከኝ ሩጫው ነው።

መለመን ሙያ ነው። ነጋዴን ሱቁ ውስጥ አትለምነውም፤ ደንበኛ ያያል። ቤቱ ትሄዳለህ። ልጆቹ ባሉበት ወሬውን አታነሣም። ስለ ሰሊጡ፣ ስለ ዝናቡ ትጠይቃለህ፤ የመጣህበትን ጉዳይ ራሱ እስኪጠይቅህ ዝም ትላለህ። እሺ ካለህ ቶሎ ተነሥተህ ትወጣለህ። ብዙ የሚቆይ ለማኝ ሐሳብ ያስለውጣል።

ከሁሉም በላይ የረዱኝ ሐጅ ሙሄ ናቸው። የወሎ ሰው ናቸው፤ ሰሊጥ ወደ ውጭ ይልኩ ነበር። ቤታቸው ካርቱም ሁለት የሚባል ሰፈር ነው። ባለቤታቸው ሲት ፋጡማ፣ በዐረብኛ እመቤት ፋጡማ ማለት ነው፣ ከበር ስታየኝ «መጣ! ሙሄ፣ ኪስህን ያዝ!» ብላ ትስቃለች። ሐጅ አንድም ቀን ባዶ እጄን አልሸኙኝም። የቀሩት ነጋዴዎችም «ሐጅ ሰጥተዋል ወይ?» ብለው ይጠይቁኛል፤ አዎ ካልኩ ነገሩ አለቀ።

ከዚያ አንድ ቀን ከአዲስ አበባ ተደወለ። «ካርቱምን ካንተ በላይ የሚያውቅ የለንም» ተባልኩና አምባሳደር ሆኜ ተሾምኩ። በዚያ ሙቀት ሱፍ ለበስኩ። የድሮ ደንበኞቼ ገበያ ላይ ሲያዩኝ «ሰዓደተ ሰፊር ቢልያ!» ይሉ ነበር፤ ክቡር አምባሳደር ኩሽኔታ እንደማለት ነው።

ኤምባሲው በር ላይ ግን የሚስቅ አልነበረም። ጠዋት ጠዋት ከከተማው ዳር፣ ከሶባና ከጀሪፍ፣ በሚኒባስ የመጡ የቤት ሠራተኞች ይሰለፋሉ። አንዷ እህቷ በከሻ፣ ማለትም በፖሊስ አፈሳ፣ ተወስዳባታለች፤ ሌላዋ የመኖሪያ ፈቃዷ አልቋል። ቢሮ መቀመጥ ስለማይሆንልኝ እወርድና በሰልፉ መሐል እዞራለሁ። ቆንስሏ ወይዘሮ አልማዝ «ክቡር አምባሳደር፣ እርስዎ በወረዱ ቁጥር ሰልፉ ይፈርስብኛል» ይሉኝ ነበር።

ዘይነባን ያየኋት እዚያ ሰልፍ ውስጥ ነው። የሐጅ ሙሄ ቤት ሠራተኛ ነበረች፤ ስንት ጊዜ ከእጇ ሻይ ጠጥቻለሁ።

«ምነው ዘይነባ? ሐጅ ደህና አይደሉም?»

«እሳቸው አልሐምዱሊላህ ደህና ናቸው፤ ሲት ፋጡማ ናት እንጂ።»

ሲት ፋጡማ ግማሽ አካሏ አልታዘዝ ካላት ቆይቷል። የምታጥባት፣ የምታጎርሳት፣ የምታገላብጣት ዘይነባ ነበረች። አሁን ዘይነባ ባቲ ላይ ታጭታለች፤ የሠርጓ ቀንም ተቆርጧል። ሐጅ ግን ፓስፖርቷን አልሰጥም ብለዋል።

«ጠልቻት አይደለም፣ ወላሂ» አለችኝ። «እናቴ ማለት ናት። ግን ዕድሜዬ እኮ አለቀ ጋሼ። እሷ እስክትሞት ጠብቂ አሉኝ። የሰው ሞት ይጠበቃል?»

ወይዘሮ አልማዝ ቢሮዬ ድረስ መጡ። «ሊሴፓሴ ልንሰጣት እንችላለን» አሉኝ፤ ያለ ፓስፖርት አገር የሚያስገባ ወረቀት ነው። «እሺ ካሉኝ ዛሬውኑ አልቆ ይመጣልዎታል። የማን ቤት እንደሆነ ስለማውቅ ነው የጠየቅኩዎት።»

ሐጅን ሳላናግር አልፈርምም አልኩ። ሄድኩ። እንደ ልማዴ ስለ ሰሊጡ ጠየቅኩ፤ ስለ ዝናቡ ጠየቅኩ። ሐጅ ፈገግ አሉ።

«ዛሬስ ለማን ነው?»

«ለዘይነባ።»

ፈገግታው ጠፋ። «እዚህ ሳሎን መጥተህ አንድ ቀን እምቢ ብዬሃለሁ?»

«የለም ሐጅ።»

«እንግዲህ እኔም አንዴ ልለምንህ። ይቺን ልጅ ተዋት።»

«ሌላ ሰው እፈልግልዎታለሁ። አንድም ሁለትም—»

«የሌላ ሰው እጅ አትወድም! እኔ ባሏ ላጉርሳት ስል እንኳ አፏን ትዘጋብኛለች።»

ከውስጥ ክፍል «ዘይነባ» የሚል ድምፅ መጣ። እየጎተተ የሚወጣ፣ ግን ጥርት ያለ። ዘይነባ በኮሪደሩ ሮጣ አለፈች።

«ሰማህ?» አሉኝ ሐጅ። «የቀራት ቃል ይሄ ነው። የእኔን ስም እንኳ ረስታዋለች።»

እንደ ልማዴ ቶሎ ተነሥቼ መውጣት ነበረብኝ፤ ግን አልተነሣሁም። በመጨረሻ ሐጅ «አምባሳደር ያደረገህ ይሄ ሳሎን ነው፤ አትርሳ» አሉ።

«አልረሳም። የሰጡት ግን ለፓርቲው ነው። የእሱን ብድር ዘይነባን ሰጥቼ ልመልስልዎት አልችልም።»

ስወጣ አልሸኙኝም። ሹፌሩን በዓባይ ዳር ንዳ አልኩት። ሄድን፤ ተመለስን፤ እንደገና ሄድን። «ያላ፣ ወዴት ነው ሰዓደተ ሰፊር?» አለኝ ሰልችቶት። «ቢሮ» አልኩ። ወይዘሮ አልማዝ ሊሴፓሴውን አዘጋጅተው ቆዩኝ፤ ፈረምኩ።

ሐጅ ወረቀቱን ሲያዩ አልተሳደቡም። «አንዲት ምትክ አምጪና እስክትለምድ ድረስ አሳዪልኝ» ብቻ አሏት። ዘይነባ ከጀሪፍ አንዲት የአገሯን ልጅ አመጣች። እንዴት እንደሚታጠብ፣ በየትኛው ጎን እንደሚገላበጥ እያሳየቻት ቆየችና በመተማ በኩል አገሯ ገባች። ሲት ፋጡማ መጀመሪያ አልበላም ብላ ነበር። በኋላ መብላት ጀመረች፤ አዲሷንም «ዘይነባ» እያለች ትጠራት ነበር ይባላል። እኔ ከዚያ በኋላ በዚያ ቤት አልገባሁም።

ነጋዴዎቹ የሐጅን መቅረት አይተው ወደምጠራቸው ስብሰባ መምጣት ተዉ። ለበዓል ግብዣ ካዘጋጀሁት ወንበር አብዛኛው ባዶውን ዋለ። ስለ እኔ አቤቱታ አዲስ አበባ ደረሰ። ብዙም ሳይቆይ ከሹመቴ ተነሥቼ ወደ አገር ቤት ተጠራሁ፤ ምክንያቱን የነገረኝ የለም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

ለፓርቲ ገንዘብ ለማሰባሰብ የሚወጡ ወጣቶች አልፎ አልፎ ምክር ይጠይቁኛል። ሰጪው በምላሹ ምን እንደሚጠብቅ በሰጠበት ቀን ጠይቁት እላቸዋለሁ። አፍራችሁ ካለፋችሁት፣ መስማት በማትፈልጉበት ቀን እሱ ራሱ ይነግራችኋል።