ከቁጥሩ በላይ ያለው ነጭ ቦታ

ገጹ ሲከፈት ከላይ ወደ ታች ነበር የሚመጣው። መጀመሪያ የርዕሱ አረንጓዴ መደብ፣ ቆይቶ የሁለቱ ጣቢያዎች ስም፣ ከዚያ ለረጅም ጊዜ ምንም። ጣሪያው ላይ ያለው ማራገቢያ እየተወዛወዘ ይዞራል፣ ከውጭ ወደ እርሻ የሚወርዱ የትራክተሮች ድምፅ ይሰማል፣ እኔ ወንበሬ ላይ ዓይኔን እከድናለሁ። ስነቃ ከገጹ ግርጌ አንድ መስመር ብቅ ብሎ አገኘዋለሁ፤ ኸሽም ኤል ቂርባ በምትባል ከተማ ያሉ ሰው እንዴት እንዳደርን እየጠየቁ ነው። አሁን ያን ጊዜ ሳስታውስ የቱን በውኔ እንዳየሁት፣ የቱን ማራገቢያው ሥር እንዳለምኩት መለየት ያቅተኛል።

ምሥራቅ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ውስጥ ባለ አንድ የማሽላ ምርምር ጣቢያ የኮምፒውተር ሠራተኛ ነበርኩ። የተሰጠኝ ሥራ ተመራማሪዎች የዕለት ሥራቸውን በጋራ የሚጽፉበትና የሚያዩበት ድረ ገጽ መሥራት ነው። ዛሬ ይህ ተራ ነገር ነው። ያኔ ግን ሞባይል ስልክ ገና ከነጋዴና ከባለሥልጣን እጅ ያልወጣበት፣ ኢንተርኔቱም ደመና ባየ ቁጥር የሚኮበልልበት ዘመን ነበር። ሁለት ሰዎች በሁለት ከተማ ተቀምጠው አንድ ገጽ ላይ ሲጽፉ ሳይ ሆዴ በደስታ ይሞላ ነበር።

ሁለቱ ሰዎች ሁለት ዶክተሮች ናቸው። አንዱ የኛው የገዳሪፉ ዶክተር፣ ረጅም፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ ሻይ ከፊታቸው የማይታጣ። ሌላው የቂርባው ዶክተር፣ አጠር ያሉ፣ ሲስቁ ትከሻቸው የሚንቀጠቀጥ። ተማሪ ሳሉ አንድ ክፍል ውስጥ ኖረዋል፤ አንዱ የሌላውን ሠርግ ደግሷል። ጠላታቸውም አንድ ነው፣ አቀንጭራ። ከመሬት በታች የማሽላውን ሥር ይዞ ይመጠምጣል፣ ከመሬት በላይ ደግሞ ሐምራዊ አበባ አብቦ የዋህ ይመስላል። ሱዳኖች ይህን አረም ቡዳ ይሉታል። ለእናቴ ስነግራት «እሰይ፣ ደግ ስም ነው ያወጡለት» ብላ ሳቀች።

በዚያ ክረምት ሁለቱም አንድ ዓይነት የማሽላ ዘር ዘርተው ነበር። የኛው በዝናብ፣ የቂርባው እዚያ ባለው ግድብ ውሃ። አረሙ የት ቀድሞ ብቅ እንደሚል፣ የትኛው ማሽላ ተቋቁሞት እንደሚቆም በየቀኑ እየቆጠሩ ገጹ ላይ ይጽፋሉ። ሥራው ጥንድ ነው፤ የአንዱ ወገን ቁጥር ከጎደለ የሌላው ምንም ዋጋ የለውም። ዝናቡ አንዴ ካለፈ ደግሞ አለፈ፤ «ቆይ፣ ረስቼው ነው» አይባልም። ይህን የኛው ዶክተር በመጀመሪያው ቀን ነግረውኛል።

ችግሩ ሰላምታቸው ነበር። ሰው «አረሙ በሦስተኛው መደብ ታየ» ለማለት ስንት ቃል ይፈልጋል? እነሱ መጀመሪያ እንዴት አደርክ ይባባላሉ። ቀጥሎ ልጆቹ፣ ቀጥሎ የልጆቹ እናት፣ ቀጥሎ ባለፈው ጥርሱን ያመመው ወንድም፣ ከዚያ ዝናቡ፣ ከዚያ የጎረቤት ላም። ቁጥሩ በመጨረሻ፣ ጫማውን በር ላይ አውልቆ እንደሚገባ እንግዳ፣ ቀስ ብሎ ይመጣል። ገጹ ከበደ፣ ለመከፈትም ዘገየ። ኻርቱም ያለው የጥናቱ አስተባባሪ ደውሎ «እኔ የፈለግሁት ቁጥር ነው፤ ይህን ሁሉ ወሬ አስወግጂልኝ» አለኝ።

እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። እኔ መጠየቅ አልወድም። ወላጆቼ በጦርነቱና በረሃቡ ዘመን ከጎንደር ወገን ተሰደው የመጡ ናቸው፤ ያደግሁት በስደተኞች ሰፈር ነው። እዚያ የሚጠይቅ ሰው ማለት ጠረጴዛ ያለው ሰው ማለት ነው። አባቴ በአንድ የመከር ወቅት ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ድንበሩ፣ ፋሽጋ ወርዶ፣ ወባ ይዞት፣ እዚያው ቀረ። የተቀበረበትን እርሻ እስከ ዛሬ አላየሁትም። ከዚያ ወዲህ የራሽን ካርዱ በታደሰ ቁጥር ባለ ጠረጴዛው «የቤቱ አባወራስ?» ይላል። እናቴ «ሞቷል» ትላለች። ዓምና የነገረችውን ዘንድሮም ትነግረዋለች፣ እሱም ቀና ሳይል ይጽፋል። እኔ ቀሚሷን ይዤ አጠገቧ እቆማለሁ። ስለዚህ ለእኔ ጨዋነት ማለት ሰውን አለመጠየቅ ነበር። ቢሮ ስገባም «ሰላም» ብዬ፣ መልሱን ሳልጠብቅ፣ ወንበሬ ላይ ቁጭ ነው።

አዲሱን ገጽ በልቤ እያንጎራጎርኩ ሠራሁት። አራት ባዶ ሳጥን ብቻ። ቀን፣ መደብ፣ ብዛት፣ ዝናብ። ገጹ ዓይን ጨፍነው እስኪገልጡ ድረስ ይከፈታል። ከሁለቱ ዶክተሮች ስም አጠገብም ሰውየው ገጹን ሲከፍት የሚበራ አንዲት ትንሽ አረንጓዴ ነጥብ አደረግሁ። አስተባባሪው አመሰገነኝ። እናቴ ብቻ፣ እንዴት በፍጥነት እንደጨረስኩት ስነግራት፣ «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ነው፤ ተይ አንች ልጅ» አለችኝ። እናቴ ለሁሉም ነገር ተረት አላት ብዬ ተውኩት።

መጀመሪያ ላይ ቁጥሩ እንደ ዝናብ ወረደ። ቀጥሎ የቂርባው ሳሳ። ቀጥሎ የኛው ሳሳ። ከዚያ አንድ ጠዋት ሁለቱም ቆሙ። የሚገርመው ነጥቦቹ ናቸው፤ ሁለቱም ከማለዳ ጀምረው ይበራሉ፣ ቀኑን ሙሉ ጎን ለጎን በርተው ይውላሉ፣ ግን ማንም ምንም አይጽፍም። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሲጫነኝ እነዚያን ሁለት ነጥቦች እያየሁ አንቀላፋለሁ። በእንቅልፌ ውስጥ በጨለማ ሜዳ ላይ የተቀመጡ፣ አንዱ ሌላውን የሚጠብቁ ሁለት ሰዎች ይሆኑብኛል። ስነቃ ገጹ ያው ባዶ ነው።

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ እንዲሉ፣ ሞደሙን ጠረጠርኩ። ፈታሁት፣ አቧራውን አራገፍኩ፣ ገመዱን ቀየርኩ። የኛን ዶክተር «ለምን አይጽፉም?» ብላቸው «እየጠበቅሁ ነው» አሉና ፊታቸውን ወደ ሻያቸው መለሱ። አረሙ ግን አይጠብቅም፤ ከመሬት እየወጣ ነው። ቀኖቹ ባዶአቸውን ባለፉ ቁጥር ክረምቱ ከእጃችን እየወጣ ነበር። በመጨረሻ የቂርባውን ኮምፒውተር ሄጄ ለመጠገን ወሰንኩ። ዶክተሩ ሰሙና «እኔም እመጣለሁ፤ ማሳውን ልየው» አሉ።

ጠዋት አውቶቡስ ተራ ሳገኛቸው የታጠበ ነጭ ጀላቢያ ለብሰው፣ ጥምጣማቸውን አስረው፣ በላስቲክ የሰሊጥ ዘይት አንጠልጥለዋል። ማሳ ለማየት እንዲህ ተለብሶ አይኬድም። ምንም አልጠየቅኋቸውም፣ ልማዴ ነው።

የዚያን ቀን መንገድ አሁንም በሕልሜ ይመጣል። ሌሊቱን ዘንቦ ነበር። ጥቁሩ አፈር ጠጥቶ ጠግቦ፣ የተረፈው ውሃ በየቦዩ ተኝቶ ሰማዩን ይዟል። ማሽላው እስከ ዓይን ጥግ አረንጓዴ ነው፤ በመሃሉ ሽመላዎች ረጋ ብለው ይራመዳሉ። አውቶቡሱ ሁላችንንም አንድ ላይ ያወዛውዘናል፣ ከፊቴ ያለች ሴት ሕፃኗን አቅፋ ተኝታለች፣ መስኮቱ ላይ የተደገፈ ራሴ ይንቀጠቀጣል። ዶክተሩ ማንንም ሳያዩ ተናገሩ።

«ወዳጄ ተቀይሞኛል።»

«በምን?»

«እሱን ልጠይቀው ነው የምሄደው» አሉ። ትንሽ ቆይተው፣ «አርባ ብሎ ጻፈልኝ። በዚህ ሁሉ ዓመት አንድም ቀን እንዴት አደርክ ሳይለኝ ውሎ አያውቅም። አርባ ብቻ። እኔስ መጻፊያ ቦታው ጠፋብኝ፤ እሱ ግን ለሰላምታ መላ አያጣም ነበር። ምን አድርጌው ይሆን እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ።»

«ስልክ ለምን አይደውሉለትም?»

«ሰላምታ ለነፈገኝ ሰው? ፊቱን አይቼ ነው እንጂ» አሉ።

አውቶቡሱ ይሄዳል። ሰላምታውን የወሰድኩት እኔ ነኝ። ለመናገር አፌን ከፍቼ ነበር፣ ግን እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ነበርና ተውኩት።

ቂርባ ስንደርስ ከሰዓት ሆኗል። የቂርባው ዶክተር ከቢሯቸው ወጥተው በረንዳው ላይ ቆሙ፤ የኛው ደግሞ ግቢው መሃል። ከዚያ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ተራመዱ፣ ቀኝ እጃቸውን አንዱ በሌላው ትከሻ ላይ አሳርፈው ተጨባበጡ፣ ጀመሩም። እንዴት ነህ፣ ተማም፣ ደህና ነህ፣ ልጆቹ፣ እናታቸው፣ ወንድምየው፣ ጥርሱ፣ ላሟ። አንዱ መልሱን ሳይጨርስ ሌላው ይጠይቃል፤ ጨርሰዋል ስል እንደገና ከመጀመሪያው። የቀረበው ሻይ ቀዘቀዘ። እኔ ጥላ ሥር ተቀምጬ ስሰማቸው ለመጀመሪያ ጊዜ አሰልቺ አልሆነብኝም። ከግድቡ ወገን ርጥብ ነፋስ ይመጣል፣ ድምፃቸው ከፍ ዝቅ ይላል፣ ሁሉ ነገር የሚጠየቅ፣ ሁሉም ሰው ጠያቂ ያለው ይመስለኛል።

«ቁጥሩስ?» አሉ በመጨረሻ የኛው ዶክተር።

«ቁጥሩ አለ። ማሳ ሳልወርድ የዋልኩበት ቀን የለም» አሉ የቂርባው። «ግን አንተ ሠላሳ ብለህ ጽፈህ ዝም አልክ። ለተቀየመ ሰው ስለ አረም ምን ብዬ ልጻፍ?»

ያን ጊዜ ተነስቼ ነገርኳቸው። ሰላምታ መጻፊያውን ያጠፋሁት እኔ መሆኔን፣ ከኻርቱም መታዘዜን፣ አራቱን ሳጥኖች። ሁለቱም ዞረው አዩኝ። የቂርባው ዶክተር ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«ያ ቢቲ» አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፣ «ሚስቶቻችን ሊያጣሉን ያልቻሉትን አንቺ በአንድ ገጽ አጣላሽን?»

ሳቁብኝ፣ እኔም ሳቅሁ። ወዲያው ግን ተራው የኔ ሆነ። እናትሽ እንዴት ናት? ጉልበቷን ያማታል አልኩ። ወንድሞችሽ? ቤታችሁ ዝናብ አላስገባም? አባትሽስ ደህና ነው?

«ደህና ነው» አልኩ።

ገዳሪፍ እንደተመለስኩ ከአራቱ ሳጥኖች በላይ ሰፊ ነጭ ቦታ ከፈትኩ። መስመር የለውም፣ ገደብ የለውም። በማግስቱ የቂርባው ቁጥር፣ የተከማቸው ሁሉ፣ ከረጅም ሰላምታ ጀርባ ተሰልፎ መጣ። የኛውም ተከተለ። የክረምቱ ሥራ ተረፈ። አስተባባሪው ደውሎ ገጹ ለምን እንደገና እንደዘገየ ጠየቀኝ። «ከላይ ያለው ነጭ ቦታ ከሌለ ቁጥሩ አይመጣም» አልኩት። የኮምፒውተር ነገር መስሎት እሺ ብሎ ዘጋ።

ከዚያ በኋላ የቂርባው ዶክተር በየጠዋቱ ከሰላምታቸው መጨረሻ ለኔም አንድ መስመር ይጨምሩ ጀመር። እናትሽ ጉልበቷን ተሻላት? አባትሽ ደህና ነው? እኔ «ሁሉም ደህና ናቸው» ብዬ እመልሳለሁ። በየጠዋቱ እንደዚያ እያልኩ በየጠዋቱ አባቴን ከፋሽጋ አምጥቼ ቤት አስቀምጠዋለሁ። ማሽላው ሲያፈራ፣ የጠዋቱ ብርሃን በመጋረጃው ሲገባ፣ አንዳንዴ እውነት እየመሰለኝ ይመጣል፤ እናቴ ጋ ተቀምጦ ጫማውን ሲጠርግ ይታየኛል።

አንድ ጠዋት ገጹ ከላይ ወደ ታች እየተከፈተ መስመሩ ደረሰ። አባትሽስ? «ደህና» ብዬ ጻፍኩ። ቃሉን አየሁት። አጠፋሁት። ሰላምታ የእግዜር ነው ይባላል፤ በየቀኑ በእግዜር ሰላምታ ላይ መዋሸት ከበደኝ። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፤ «እናቴ ጉልበቷን አሁንም ያማታል። ቤታችን ውሃ አላስገባም። አባቴ ልጅ ሳለሁ ፋሽጋ ሰሊጥ ሊያጭድ ሄዶ አልተመለሰም። እርስዎ እንዴት አደሩ?»

የቂርባው አረንጓዴ ነጥብ በርቶ ቆየ፣ ምንም አልተጻፈበትም። ከበረንዳው ማዶ ካለው ክፍል ግን የወንበር መንቀሳቀስ ሰማሁ። ገጹ የሁላችንም ነበርና የኛው ዶክተር አንብበውታል። ነጠላ ጫማቸውን እየጎተቱ መጡ፣ የክፍሌ በር ላይ ቆሙ፣ ሁለት መዳፋቸውን ወደ ላይ ከፍተው ደረታቸው ፊት ዘረጉ። ሱዳን ውስጥ ለቅሶ ያልደረሱት ሰው ሲገኝ፣ ስንትም ዓመት ቢያልፍ፣ መጀመሪያ የሚደረገው ይህ ነው። ተነሳሁ። ክርስቲያን ነኝና ከንፈራቸው የሚለውን አላውቀውም። ብቻ እኔም መዳፎቼን ከፍቼ፣ እስኪጨርሱ ድረስ ዘርግቼ ቆየሁ። እንባዬ መዳፌ ላይ ይወርዳል፣ አልጠረግሁትም።

ሲጨርሱ እጃቸውን ፊታቸው ላይ አሳለፉና፣ «ስሙ ማን ነበር?» አሉኝ።

ቀና ብለው ያዩኛል። በመሃላችን ጠረጴዛ አልነበረም። ነገርኳቸው።