ከፍየል ጀርባ የቀዳሁት ንድፍ

በ2017 ዓ.ም. የጥቅምት ብርድ ሰቆጣን ሲይዛት ልጄ ወለደች። ብዙ ዓመት የለመንነው የመጀመሪያ ልጇ ነው፤ ተመስገን። ሴት ትሆናለች ብዬ እስከ ክርስትናዋ ሰማንያ ቀን ቆጥሬ ነበር። ወንድ ሆነና አርባውን ወሰደብኝ።

ከስቶ ነው የተወለደው። ልጄ «እማ፣ ከጥምቀቱ ውኃ ሲወጣ ብርዱ እንዳይመታብኝ» እያለች ትሰጋ ነበር። እኔም ብርድ ልብስ ጀመርኩለት። በሁለት ነጭ ጨርቅ መሃል ጥጥ ዘርግቼ፣ ከአሮጌ ልብስ የቆረጥኩትን ቅርጽ ከላይ እየለጠፍኩ በእጄ እሰፋለሁ።

ንድፍ ፍለጋ የሄድኩት ቤተ ክርስቲያን ነው። ቅዳሴው ላይ ቆሜ ዓይኔ መጋረጃው ላይ ነበር፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። እዚያ ያየሁትን መስቀል ዘጠኝ ቦታ ሰፋሁ። ኮራሁም።

ለክርስትናው አሥር ቀን ሲቀረው የነፍስ አባቴ መጡ። ሥራዬን ዘረጋሁላቸው።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«መስቀል ነው፣ አባ። ለልጅ ልጄ።»

«ሕፃኑ ይሸናል?»

«ይሸናል እንጂ፣ አባ።»

«የት ላይ?»

መስቀሎቹን በነጠላዬ ሸፈንኩ። እሳቸው ግን ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። «የእግዚአብሔር እጅ ሥራ መጋረጃ ላይ ብቻ ነው እንዴ ያለው? እስቲ ውጪ ውጪውን እዪ» አሉኝ።

ዘጠኙንም መስቀል ስተረትር ሁለት ቀን ሄደ። በገበያው ቀን ወደ ከብት ተራ ወጣሁ። ከጎረቤት ወረዳችን ከዝቋላ የመጣ አንድ ሰው ጥቁርና ነጭ ፍየል ይዞ ቆሟል። ጀርባዋ ላይ ያለው ጥቁር፣ አንዱ እንደ ቅጠል፣ አንዱ እንደ ደመና ነው። የሳሙና ካርቶን ቀድጄ መሳል ጀመርኩ።

«እናቴ፣ ይገዟታል ወይስ ለመታወቂያ ነው?» አለኝ።

«ጀርባዋን ብቻ ነው የምፈልገው።»

«ጀርባ ለብቻው አንሸጥም፤ ሥጋ ቤት ይሞክሩ!»

ነገሩን ስነግረው ቀንዷን ያዘልኝ። እሷ ግን አንገቷን አዙራ ካርቶኔን ከእጄ ላይ በላችው።

«ሥዕሉን አልወደደችውም» አለ።

ሁለተኛውን ራቅ ብዬ ሳልኩ።

ቤቴ ስገባ ለጥቁሩ የሚሆን ጨርቅ አጣሁ። ባለቤቴ ማታ «ኮቴ የት አለች?» ሲል፣ «ፍየል ሆናለች» አልኩት። ቢስቅም ሌላኛውን ኮት ከራስጌው አንጠለጠለ።

በሠላሳ ዘጠነኛው ቀን፣ ፀሐይ ሳትገባ የመጨረሻውን ክር በጠስኩ።

በማግሥቱ ጠዋት ልጁ ተጠመቀ። የክርስትና አባቱ ታቅፎት ሲወጣ ከንፈሩ እየተንቀጠቀጠ ያለቅስ ነበር። ተቀብዬው በብርድ ልብሱ እስከ አገጩ ጠቀለልኩት፤ ልቅሶውን እስኪተው ድረስም አቅፌው ቆምኩ።