ለእንግዳ የታጠቡ ኮርቻዎች

እስቲ አንዴ ስሙኝ፤ ወገቤ ስለማያስቀምጠኝ ቶሎ እጨርሳለሁ።

እንጅባራ ውስጥ የአንዲት ትንሽ የቅርስ ማስቀመጫ ክፍል ጠባቂ ነኝ። አንድ ቀን አንዲት ተማሪ ደወለችልኝ። «ጋሼ፣ ሁለተኛ ዲግሪዬን በሙዚየም ዕቃ አያያዝ ነው የምማረው። የመመረቂያ ጽሑፌ እናንተ ጋ ባሉት ሦስት የድሮ ኮርቻዎች ላይ ነው፤ ሰኞ እመጣለሁ» አለችኝ።

ሄጄ ባያቸው የስንት ዘመን የፈረስ ላብና አቧራ እንደ ቅርፊት ተጋግሮባቸዋል። የአገው ፈረስ እየተባለ በየአገሩ ሲወራ፣ እንግዳ ይህን ብታይ ምን ትላለች ብዬ ሁለት ቀን ሙሉ በሳሙና ፈተግኳቸው። ቅቤም ቀባኋቸው። ወገቤ ያኔ እንደጎበጠ ቀረ።

ሰኞ መጣች። ጓንት አጠለቀች፤ ወረንጦና ትንንሽ ብልቃጦች ደረደረች። አንዱን ኮርቻ ገለበጠች፣ ሁለተኛውን አሸተተች፣ የሦስተኛውን ስፌት በባትሪ ፈተሸች። እኔ ምስጋናዬን ቆሜ እጠብቃለሁ።

«ጋሼ፣ እነዚህን የነካቸው ሰው አለ?»

«እኔ ነኝ ልጄ። ኧረ ምንም አይደል፣ ለእንግዳማ ይገባል።»

ብልቃጦቿን አንድ በአንድ ወደ ቦርሳዋ መለሰች።

«እኔ እኮ ከባሕር ዳር ድረስ የመጣሁት ያንን እድፍ ላጠና ነበር» አለች።